የሕፃን ጋሪ፦ አመጣጡ፣ ዓይነቶቹና አመራረጡ

የሕፃን ጋሪ ገና መራመድ ያልጀመረን ወይም ረጅም መንገድ የሚያደክመውን ልጅ አስተኝተው ወይም አስቀምጠው በእጅ እየገፉ የሚያንሸራሽሩበት፣ ሦስት ወይም አራት ጎማ ያለው ዕቃ ነው። በአማርኛ «ጋሪ» ሲባል ቀድሞ በሐሳብ የሚመጣው ፈረስ የሚጎትተው ስለሆነ ብዙ ከተሜ ከእንግሊዝኛው ወስዶ «ስትሮለር» ይለዋል፤ በእስራኤል የሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ የዕብራይስጡን «አጋላ» በአማርኛ ጨዋታቸው መካከል ይጠቀሙበታል። ስሙ በየአገሩ ቢለያይም ገዢ የሚሳሳትበት ቦታ አንድ ነው። ጋሪውን በመደብሩ ለስላሳ ወለል ላይ ሁለት ጊዜ ገፋ አድርጎ ይወድደዋል፤ ቤት ሲደርስ ግን የደረጃው ብዛት፣ የበሩ ስፋት፣ የመንገዱ ድንጋይና የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ የየራሳቸውን ፍርድ ይሰጣሉ።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ልጅ ከጥንት ጀምሮ የሚጓዘው በእናቱ፣ በአያቱ ወይም በታላቅ እኅቱ ጀርባ ነው። ከለፋ ቆዳ ተሰፍቶ በዛጎልና በጨሌ የሚያጌጠው አንቀልባ፣ እሱ ባይኖር ደግሞ በጠንካራ ጨርቅ ማዘል፣ ዳገትና ቁልቁለት ለበዛበት አገር ተስማሚ ስለነበሩ፣ ጎማ ላይ የተቀመጠ የልጅ ማጓጓዣ የተፈለሰፈው መንገዱ ለጥ ብሎ በተነጠፈበት ሌላ አገር መሆኑ አያስደንቅም።

በታሪክ ከሚታወቁት የሕፃን ጋሪዎች ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1733 በእንግሊዝ አገር ዊልያም ኬንት የተባለው የሕንፃና የአትክልት ሥፍራ ነዳፊ ለዴቨንሻየር መስፍን ልጆች የሠራው ነው። የዛጎል ቅርጽ የነበረው ይህ ጋሪ በሰው እጅ የሚገፋ ሳይሆን በፍየል ወይም በድንክ ፈረስ እንዲጎተት የታሰበ ነበር፤ ቃሉ ለእኛ ፈረስን ማስታወሱ እንግዲህ ከታሪኩ ብዙም የራቀ አይደለም። እንስሳው ቀርቶ ከኋላ እጀታ የተተከለለት በ19ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1877 በሊድስ የተመሠረተውን ሲልቨር ክሮስን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ከፍ ባለ ጎማና በባሌስትራ ላይ የተንጠለጠለውን ከባድ ጋሪ የባለጸጋ ቤተሰብ መለያ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1889 ደግሞ ዊልያም ሪቻርድሰን የተባለ የባልቲሞር ጥቁር አሜሪካዊ፣ የሕፃኑ መተኛ ወደ እናትም ወደ መንገድም ፊቱን እንዲያዞር፣ ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንዲሽከረከሩ የሚያደርግ ፈጠራ አስመዘገበ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከአውሮፕላን ሥራ ነው። ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ሲያርፍ የሚቆምበትን እግር በመንደፍ ሥራ የተሳተፈው ኦወን ማክላረን፣ በጡረታው ዘመን ልጁ ከባድ የሕፃን ጋሪ ይዛ በጉዞ ስትቸገር አይቶ፣ ከአውሮፕላን እግር የተማረውን የመታጠፍ ብልሃት ወደ አሉሚኒየም ቱቦ አዛወረው። እ.ኤ.አ. በ1965 የነደፈው፣ እንደ ጃንጥላ የሚሰበሰብና 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ የሚመዝን ጋሪ እናት ልጇን በአንድ ክንዷ፣ ጋሪውን በሌላው ይዛ አውቶቡስ እንድትሳፈር አስቻላት። ከዚያ ወዲህ ለገበያ የቀረበው ጋሪ ሁሉ በሪቻርድሰንና በማክላረን መካከል የሚደረግ ድርድር ነው ማለት ይቻላል፤ ለሕፃኑ ምቾት የተጨመረ እያንዳንዱ ነገር ለተሸካሚው ክብደት ይሆናል፣ ከክብደቱ የተቀነሰ ነገርም አንድ ቦታ ላይ ከምቾቱ ይጎድላል።

በዚህ ድርድር ውስጥ ለድርድር የማይቀርበው የአራስ ልጅ አተኛኘት ነው። አንገቱ ያልጸና ሕፃን በተጣጠፈ መቀመጫ ላይ ሲውል አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና የአየር መተላለፊያው ሊጠብ ስለሚችል፣ ልጁ ያለ ድጋፍ መቀመጥ እስኪጀምር፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ገደማ፣ ጀርባው ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ጋሪ ወይም ከጋሪው አካል ላይ የሚገጠም ጠፍጣፋ አልጋ ያስፈልገዋል። የጃንጥላው ዓይነት ቀላል ጋሪ በአብዛኛው ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች የሚገዙት የመኪናው የሕፃን ወንበር ጋሪው ላይ ተነቅሎ የሚሰካበትን ዓይነት ነው፤ የተኛን ልጅ ሳይቀሰቅሱ ከመኪና ወደ ጋሪ ማዛወር መቻሉ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ሆኖም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የመኪና ወንበርም ሆነ ጋሪ የዘወትር መኝታ እንዳይሆን ይመክራል። ልጁ በዚያው እንቅልፍ ከወሰደው፣ ቤት ሲደርሱ ወደ ጠፍጣፋ አልጋው ማዛወር ነው።

የልጁ ፊት ወዴት ይዙር የሚለው ጥያቄ ለሪቻርድሰን ፈጠራ አዲስ ዋጋ ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ ይፋ የሆነና ከ2,700 በላይ ወላጆችንና ልጆቻቸውን በመንገድ ላይ ያስተዋለ ጥናት፣ ልጆቻቸው ወደ እነሱ የዞሩላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን የማነጋገር ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። አማርኛ በቤት ውስጥ ብቻ በሚሰማበት አገር ለሚያድግ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይመስለኝም፤ የመንገዱ ግማሽ ሰዓት የጨዋታና የቋንቋ ጊዜ ይሆናልና። ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ልጁ ራሱ ዓለምን ማየት ስለሚፈልግ፣ ሁለቱንም አቅጣጫ የሚፈቅድ መቀመጫ ከአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳየው ይሻላል።

ጎማን የሚመርጠው መንገዱ ነው። ትንንሽና ጠንካራ የፕላስቲክ ጎማዎች በገበያ አዳራሽና በአየር ማረፊያ ወለል ላይ እንደ ውኃ ይፈስሳሉ፤ በአዲስ አበባ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ላይ ግን በድንጋዮቹ መካከል እየገቡ ይነክሳሉ፣ ንዝረቱም በቀጥታ ለልጁ ይደርሳል። በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶች ለጋሪ ምቹ ሆነዋል፤ ችግሩ ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ በር ያለው ርቀት ላይ ነው። እንዲህ ላለው መንገድ ሰፋ ያለ፣ አየር የሚሞላ ወይም በስፖንጅ መሰል ጎማ የተሞላ እግር ያስፈልጋል፤ በአየር የሚሞላው ይበልጥ ቢያለሰልስም ይተነፍሳል፣ መንፊያም ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ፊል ቤክለር የተባለ ሯጭ ልጁን ይዞ ለመሮጥ በሠራው ጋሪ የተጀመረው ባለሦስት ጎማ የሩጫ ጋሪ ለጎርባጣ መንገድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይሞላው መሮጫ አይደለም፣ ሲሮጡም የፊቱ ጎማ መቆለፍ፣ የእጅ ማሰሪያው መታሰር አለበት። በስዊድንና በጎረቤቶቿ ልጅን በክረምትም ቢሆን ከቤት ውጭ ጋሪ ውስጥ ማስተኛት የተለመደ በመሆኑ፣ በእነዚያ አገሮች ትልቅ ጎማና ጥልቅ አልጋ ያለው ከባድ ጋሪ እስከ ዛሬ ከገበያ አልወጣም።

ደረጃ ግን ሌላውን ምርጫ ሁሉ ሊሽር ይችላል። ሙሉ አካል ያላቸው ጋሪዎች ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ይህ በአሳንሰር ለሚወጣ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፣ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ግን ልጁም፣ የገበያው ዘንቢልም ሲጨመሩበት የየቀኑ ቅጣት ነው። በእስራኤልም በቀድሞዎቹ የመኖሪያ ሕንፃዎች ያሉ ቤተሰቦች ይህንኑ ያውቁታል። መፍትሔው ከ7 ኪሎ ግራም በታች የሆነ፣ በአንድ እጅ የሚታጠፍ ጋሪ መግዛት፣ ወይም ምድር ቤት ላይ የሚቆለፍበት ቦታ ማግኘት ነው። መታጠፉን ደግሞ ሻጩ ሲያሳይ ከማየት ይልቅ፣ ልጅ ወይም የልጅ የሚያህል ዕቃ በአንድ ክንድ ይዞ በራስ መሞከር ይሻላል፤ በዚህ ፈተና የሚወድቀው ጋሪ ብዙ ነው።

የሕዝብ መጓጓዣ የሚጠቀም ሰው የከተማውን ልማድ ቀድሞ ማወቅ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ ላይ ታጥፎም ቦታ የሚያገኝ ጋሪ ጥቂት ነው። በብሪታንያ አውቶቡሶች ጋሪን ሳያጥፉ መግባት ቢቻልም፣ ክፍት ቦታው በቅድሚያ የአካል ጉዳተኛ ወንበር ተጠቃሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጋሪ ይዞ ቦታውን አልለቅም ባለ ተሳፋሪ ምክንያት በተነሣ ክርክር፣ ሾፌሩ ከመጠየቅ አልፎ ቦታው እንዲለቀቅ ግፊት ማድረግ እንዳለበት ወስኗል። በኒው ዮርክ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ጋሪ ማጠፍ ግዴታ ሆኖ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በተወሰኑ አውቶቡሶች ላይ ሳይታጠፍ እንዲገባ መፈቀድ ጀመረ። በአውሮፕላን ለሚመላለስ ቤተሰብ ከመቀመጫው በላይ ባለው የዕቃ መደርደሪያ የሚገባ ታጣፊ ጋሪ አለ፤ ይሁንና ልኬቱን ተሸክሞት ከሚሄደው አየር መንገድ ደንብ ጋር ማመሳከር ይገባል፣ «ለአውሮፕላን የሚሆን» የሚለው የሻጭ ጽሑፍ ማንንም አያስገድድምና።

በእስራኤል የአይሁድን ሃይማኖታዊ ሕግ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ሌላም ጉዳይ አለ፦ በሰንበት ከግቢ ውጭ ጋሪ መግፋት የሚፈቀደው ዒሩቭ በሚባለው፣ በምሰሶና በሽቦ በሚከለለው ወሰን ውስጥ ብቻ ነው።

ቤተሰብ ሲያድግ ጥያቄው ይለወጣል። ለመንታ ልጆች ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ጋሪ ለመጠምዘዝ ቀላል ነው፣ ሁለቱም ልጆች እኩል ያያሉ፤ ስፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ በጠባብ በርና በአሮጌ አሳንሰር ላይ ይቆማል። ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው በየበሩ ያልፋል፣ ነገር ግን ይረዝማል፣ በእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለማንሣትም ይከብዳል። በአሜሪካ ያሉት የዲዝኒ መዝናኛ ፓርኮች እ.ኤ.አ. ከሜይ 2019 ጀምሮ ከ79 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋና ከ132 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጋሪ መከልከላቸው ነገሩ ምን ያህል ገፍቶ እንደነበር ያሳያል። በሁለቱ ልጆች መካከል ሁለት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ ድርብ ጋሪ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ታላቁ ከኋላ የሚቆምበት ባለጎማ ሳንቃ ይበቃል፣ ወይም ታናሹን አዝሎ ታላቁን መግፋት ይቻላል። አንቀልባ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ከጋሪ ዓይነቶች ሁሉ ያልተሟላውን አሟልቷል።

ስለ ደኅንነት በአውሮፓ ኢኤን 1888 የተባለው መለኪያ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ክፍሉ እስከ 15 ኪሎ ግራም፣ ሁለተኛው እስከ 22 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ልጅ የሚሆኑ ጋሪዎችን ይመለከታል። በአሜሪካ ደግሞ አስገዳጅ የፌዴራል ደንብ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2015 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009፣ የማክላረን ኩባንያ በአሜሪካ ለተሸጡ ወደ 1 ሚሊዮን ለሚጠጉ ጋሪዎች የማጠፊያ መሸፈኛ እንዲገጠም ጥሪ ያደረገው፣ 12 ሕፃናት በማጠፊያው የጣታቸው ጫፍ እንደተቆረጠ ሪፖርት ከተደረገ በኋላ ነበር። ስለዚህ ጋሪ ሲከፈትም ሲታጠፍም ልጅ በአጠገቡ መሆን የለበትም። ፍሬን ደግሞ ለአንድ አፍታም ቢሆን ይረገጣል፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 በሜልቦርን አንድ የባቡር ጣቢያ ከእናት እጅ ያመለጠ ጋሪ ባቡር ፊት ወድቆ፣ ውስጡ የነበረው ሕፃን ግንባሩ ላይ ብቻ ቆስሎ የተረፈበት ሁኔታ በካሜራ ተቀርጾ ዓለም አይቶታል። በየቀኑ የሚደርሰው አደጋ ግን ከዚህ የቀለለ ነው፦ እጀታው ላይ የተንጠለጠለ የገበያ ከረጢት፣ ልጁ ሲነሣ ጋሪውን ወደ ኋላ ይጥለዋል። ምች እንዳይመታው፣ ዓይንም እንዳያርፍበት ተብሎ ጋሪው ላይ የሚጣለው ነጠላም ችግር አለው፤ ስስ ጨርቅም ቢሆን አየሩን ስለሚያግድ በፀሐይ ውስጥ ያለው ሙቀት በፍጥነት ይጨምራል፤ ጥላ የሚያስፈልግ ከሆነ ጎኑ ክፍት የሆነ ሰፊ ክዳን ይመረጣል።

ጋሪው ሲመረጥ የሚዘነጋ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ገፊው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋሪውን የምትገፋው ብዙ ጊዜ ከገዛችው የቤቱ እመቤት ሌላ ሴት፣ ምናልባትም ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ናት፤ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ደግሞ ለማረስ ከአገር የመጡት እማማ ከእናትየዋ አጠር ያሉ ይሆኑና፣ ለረጅም ሰው የተሠራው እጀታ ትከሻቸውን ያስይዛቸዋል። ከፍታው የሚስተካከል እጀታ ለእንዲህ ያለው ቤት ከጽዋ መያዣና ከሌሎች ማጌጫዎች በፊት የሚገዛ ነገር ነው።

አዲስ ጋሪ በጥቂት አሥር ዶላርም፣ ከ1,000 ዶላር በላይም ይገኛል፤ በየማኅበረሰቡ ግን ብዙ ጋሪዎች ከአራስ ቤት ወደ አራስ ቤት ይዘዋወራሉ፣ አንዳንዶቹም ከሻንጣ ጋር ተጭነው አገር ቤት ይደርሳሉ። ያገለገለ ጋሪ የሚቀበል ሰው ዓመተ ምርቱንና የሞዴል ቁጥሩን ከአካሉ ላይ አንብቦ ለጥገና ወይም ለመልስ የተጠራ መሆኑን መፈለግ፣ ከፍቶ ሲያቆመው መቆለፊያው «ቀጭ» ማለቱን መስማት፣ ልጁን በሁለት ትከሻው፣ በሁለት ጎኑና በእግሮቹ መካከል የሚይዘው ባለ አምስት ነጥብ ማሰሪያ ያልተተረተረና የማይንሸራተት መሆኑን ስቦ ማየት፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ረግጦ በ15 ኪሎ ጤፍ መሞከር ይገባዋል።