ትልቅ ማርሽ ፍጥነት አይሰጥም፦ ስለ ጀማሪ ኮርሳ የሚነገሩ ስሕተቶች

ኮርሳ፣ ማለትም የእሽቅድምድም ብስክሌት፣ መገጣጠምና መጠገን መተዳደሪያዬ ከሆነ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይለወጥ ይመላለስብኛል። ኮርሳውን ከገዛ ሁለት ወር ያልሞላው ወጣት ብስክሌቱን እየገፋ ይገባና፣ «ጋሼ፣ የፊት ማርሹ አንሶብኛል፤ ፕሮፌሽናሎቹ የሚነዱበትን ትልቁን ይግጠሙልኝ» ይለኛል። ወጣቱ የሚፈልገው ፍጥነት ነው፤ ይዞ የሚሄደው ግን ብዙ ጊዜ የጉልበት ሕመም ነው። ይበልጥ የሚያናድደኝ ምክሩን የሚሰጡት አብረውት የሚነዱ ነባር ብስክሌተኞች መሆናቸው ነው፤ እነርሱስ ሊያውቁ ይገባቸው ነበር።

ጉዳዩ በቀላል ማካፈል ይፈታል። የፊቱን ማርሽ የጥርስ ብዛት በኋላው የጥርስ ብዛት ስናካፍል፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ስንት ጊዜ እንደሚዞር እናገኛለን። በአብዛኞቹ የጀማሪ ኮርሳዎች የፊት ማርሾቹ 50 እና 34 ጥርስ ያላቸው ሲሆኑ፣ ከኋላ ካሉት ትንሹ 11 ጥርስ አለው። 50 ለ11 ሲካፈል 4.55 ያህል ነው፤ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ የፔዳል ዙር ዘጠኝ ሜትር ተኩል እንጓዛለን፤ በደቂቃ 90 ጊዜ ካዞርንም በሰዓት ከ51 ኪሎ ሜትር በላይ እንበራለን። ፕሮፌሽናሎቹ ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ባለ 53 ጥርስ ማርሽ በዚያው የእግር ፍጥነት 54 ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላይ ያስኬዳል። በሁለቱ መካከል ያለውን የሦስት ኪሎ ሜትር ልዩነት የሚያገኘው በ51 ኪሎ ሜትር እየነዳ ጉልበት የሚተርፈው ሰው ብቻ ነው። በሜዳ ላይ ለብቻው በ30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ጀማሪ ግን እግሩን በትክክል ካዞረ የሚጠቀመው ከፊት 50፣ ከኋላ 19 ጥርስ፣ ማለትም 50 በ19 ነው፤ ካሴቱ፣ ማለትም የኋላ ማርሾቹ ስብስብ፣ ባለ 11 ደረጃና ከ11 እስከ 28 ጥርስ (11-28) ከሆነ ደግሞ ስድስት ትንንሽ ማርሾች ሳይነኩ ይቀሩለታል። ያልጨረሰውን ማርሽ አነሰኝ የሚለው ለምንድን ነው?

በስሌት የማያምን ሰው ይህን ያስብ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት እ.ኤ.አ. እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ የ17 እና የ18 ዓመት ተወዳዳሪዎች በአንድ የፔዳል ዙር ከ7.93 ሜትር በላይ የሚያስኬድ ማርሽ እንዳይጠቀሙ ይከለክል ነበር፤ ይህም 52 በ14 ማለት ነው። እነዚያ ወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና የተወዳደሩት በዚህ ማርሽ ነበር። ጀማሪው «ትንሽ ነው» የሚለው 50 በ11 ከእነርሱ ማርሽ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይበልጣል።

የዚህ እምነት መንትያ «የዳገት ማርሽ የደካማ ነው» የሚለው ነው፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀያየር የጡንቻን ውድድር ያበላሻል ብሎ ስለሚያምን፣ ሰንሰለቱን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሻግረው መሣሪያ፣ ማለትም ካምቢዮ፣ በውድድሩ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ዛሬ ግን ፕሮፌሽናሎቹ ራሳቸው ከባድ ዳገት ሲገጥማቸው ከኋላ ባለ 30 ወይም ባለ 34 ጥርስ ይዘው ይወጣሉ፤ ጀማሪው ብቻ በ25 ጥርስ ካልወጣሁ ብሎ ይታገላል።

አንድ ወጣት እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት የፊቱን በ53 እና በ39 አስለውጦ፣ የኋላውን እስከ 25 ብቻ አድርጎ ነበር። ሲመጣ የሁለቱም እግሮቹ የጉልበት ሎሚ ዙሪያ ያመው ነበር። አብሬው ዳገት ወጣሁና እግሩን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ከ50 ዙር ብዙም አይበልጥም፤ በእያንዳንዱ ዙር ትከሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፣ መሪውንም እንደ ጋሪ ይጎትታል። ይህ የጉልበት ማነስ አልነበረም። ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ8 በመቶ ዳገት ላይ 200 ዋት ቢያወጣ፣ ይህም ለጀማሪ ቀላል ጉልበት አይደለም፣ በሰዓት የሚሄደው 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት 39 በ25 የያዘ ሰው በደቂቃ 53 ጊዜ ያዞራል፤ 34 በ32 የያዘው ደግሞ 78 ጊዜ። ሥራው አንድ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ግፊት ጉልበቱ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ወደ አንድ ጊዜ ተኩል ይደርሳል። ወጣቱ ጥቂት ሳምንታት አረፈ፤ እኔም ከፊት 34፣ ከኋላ እስከ 32 ገጠምኩለት፤ ሕመሙ አልተመለሰም፤ ዳገቱን የሚወጣበት ሰዓትም ተሻሻለ።

ስለዚህ ለጀማሪ ኮርሳ የመጀመሪያው ማሻሻያ 11-32 ወይም 11-34 ካሴት ነው እላለሁ፤ ሆኖም «ካሴት ገዝቶ መክተት ነው» የሚለው ሌላ ስሕተት እንዳይከተል እፈራለሁ። እያንዳንዱ ካምቢዮ የሚሸከመው ትልቁ ጥርስና የሚሰበስበው የሰንሰለት መጠን ወሰን አለው። የፊቶቹን ልዩነትና የኋላዎቹን ልዩነት ደምሩ፦ 50 ሲቀነስ 34 አሥራ ስድስት፣ 34 ሲቀነስ 11 ሃያ ሦስት፣ ድምሩ 39። ለምሳሌ የዕቃ አምራቹ ሺማኖ 105 አር7000 የተባለው ሞዴል ረጅሙ ካምቢዮ ልክ ይህን 39 ይችላል፣ እስከ 34 ጥርስም ይደርሳል፤ አጭሩ ግን ወሰኑ 35 እና 30 ጥርስ ነው። ሰንሰለቱም መርዘም ሊኖርበት ይችላል። አንድ ደንበኛዬ አሮጌውን ሰንሰለት ሳይለውጥ ከኋላ 11-34 ካሴት ገጥሞ፣ ዳገት ላይ ሳያስበው ከፊትም ከኋላም ትልቁን አስገባ፤ ካምቢዮው ተገንጥሎ በጎማው ሽቦዎች (ራጂ) መሐል ገባ፣ የተሸከመውም ብረት ተሰበረ። ከመንዳታችሁ በፊት የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ፣ ፔዳሉን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ሰንሰለቱን ወደ ሁለቱም ትልልቆች አሻግሩት፤ ካምቢዮው ከዚያ በላይ ሊዘረጋ እንደማይችል ሆኖ ወደፊት ተወጥሮ ከታየ ወይም ሰንሰለቱ አልወጣም ካለ፣ ሳታስገድዱ አቁሙ፤ ሰንሰለቱ አጥሯል።

«ባለ 22 ማርሽ» (ከፊት 2፣ ከኋላ 11) ማለት 22 የተለያየ ፍጥነት ማለት አይደለም፤ 50 በ25 እና 34 በ17 ሁለቱም በትክክል 2 ናቸው። ረጅም የፔዳል ክንድም ጉልበት አይፈጥርም፤ ርዝመቱ የሚመረጠው ለእግርና ለመገጣጠሚያ በሚስማማው ልክ ነው።

ክብደትን በተመለከተ፣ አንድ ኪሎ ለመቀነስ የሚወጣው ገንዘብ ያሳዝነኛል። ከ80 ኪሎ ላይ አንድ ኪሎ ቢቀነስ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚተርፈው 45 ሰከንድ ያህል ነው፤ በሜዳ ላይ ግን ልዩነቱ አይታወቅም፤ እዚያ ዋናው ባላጋራ ነፋስ ነውና። ክርንን አጥፎ ዝቅ ብሎ መንዳት ከቀላል ቴላዮ (የብስክሌቱ ዋና አካል) ይበልጣል፣ ዋጋም አይጠይቅም።

ገንዘብ ያለው ጎማ ይግዛ። «ቀጭን ሆኖ እንደ ድንጋይ የተነፋ ጎማ ይፈጥናል» የሚባለው ሻካራ አስፋልት ላይ አይሠራም፤ ጎማው ትንንሹን ጉብታ መዋጥ ሲያቅተው ብስክሌቱንና ነጂውን ያነጥራል፣ ጉልበትም በዚያ ይባክናል። ፕሮፌሽናሎቹም ከ23 ሚሊ ሜትር ወደ 28 እና ከዚያ በላይ የተሻገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ቴላዮውና ፍሬኑ ቦታ ካላቸው፣ ጥሩ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ5 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ተነፍቶ ከአብዛኛው ውድ ዕቃ የተሻለ ያገለግላል።

በመጨረሻ፣ «ሰንሰለት እስኪበጠስ ይሠራል» የሚሉ ሰዎች አዲሱን ካሴት በአሮጌ ሰንሰለት ያስበሉታል። አዲስ ሰንሰለት ላይ ከአንድ ፒን (የሰንሰለቱን ቁርጥራጮች የሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) መሐል ጀምሮ እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሐል 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰንሰለቱን ወጠር አድርጋችሁ በብረት ማስመሪያ ስትለኩት 306.3 ከደረሰ ይለወጥ። ከዚያ ዘግይቶ የተለወጠ አዲስ ሰንሰለት በተበሉት ጥርሶች ላይ በኃይል በተረገጠ ቁጥር ይዘላል፤ ያን ጊዜ ካሴቱንም አብሮ መለወጥ ግድ ይሆናል።