ፐንክ የለንደን ልጅ ብቻ አይደለም

ጊታር ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ ስለ ፐንክ ሮክ፣ ስለዚያ ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ዓይነት፣ የምሰማው ያው ነው። ተማሪው ጊታሩን ከቦርሳው ሳያወጣ «ፐንክን የጀመሩት የለንደኖቹ ባንድ ሴክስ ፒስቶልስ ናቸው፤ ሌላው ከነሱ ቀድቶ ነው» ይለኛል። እውነቴን ነው፣ ሰልችቶኛል።

እስቲ ቀኑን እንቁጠር። የሴክስ ፒስቶልስ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1976 ነው። እዚያው እንግሊዝ ዘ ዳምንድ የሚባል ባንድ ኦክቶበር 22 ላይ ቀድመዋቸዋል። ከሁለቱም በፊት ግን፣ በሴፕቴምበር፣ «አይም ስትራንድድ» የሚል ሸክላ ወጥቷል። «መሄጃ አጣሁ» እንደማለት ነው። የወጣው ከአውስትራሊያዋ ብሪስቤን፣ ባንዱም ዘ ሴይንትስ ነው። ድምፃዊው ክሪስ ቤይሊ፣ ወላጆቹ አየርላንዳውያን ቢሆኑም፣ የተወለደው እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ነው።

ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ከኒውዮርኮቹ ራሞንስ ቀድተው ነዋ!» ይሉኛል። አይደለም። የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም የወጣው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ነው፤ ዘ ሴይንትስ በዚያ ስልት መጫወት የጀመሩት ግን ከዚያ ዓመታት ቀድመው ነው። ጊታሪስቱ ኤድ ኪውፐር የራሞንስን አልበም ሲሰማ አዝኖ ነበር። ሰው ሁሉ ቀጂ እንደሚለው ወዲያው ገብቶታል። ይኸው እስከ ዛሬ ይባላል። ሁለቱ ባንዶች የተመሳሰሉት ከአንድ ምንጭ ስለጠጡ ነው፤ ሁለቱም ከአሜሪካዋ ሚቺጋን የወጣውን ስቱጅስ የተባለ ባንድ ሰምተው ነው ያደጉት።

ብሪስቤን ያኔ በጥብቅ ወግ አጥባቂ መንግሥት ሥር ነበረች። ለእንዲህ ዓይነት ባንድ መድረክ የሚሰጥ ስለጠፋ ልጆቹ የሚኖሩበትን ቤት ክለብ አደረጉት። ያ ጩኸት ከለንደን አልተላከላቸውም።

«ትልቅ ካምፓኒ ከኋላቸው ነበር» ለሚሉ፦ ሸክላውን ያሳተሙት በራሳቸው ስም ነው፣ 500 ኮፒ ብቻ። አንዱ ለንደን ሳውንድስ መጽሔት ደረሰና አወድሶ ጻፈበት። ትልቁ የሙዚቃ ካምፓኒ ኢኤምአይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ፐንክ ማለት የቆመ ጸጉርና መርፌ ቁልፍ ነው»? ቤይሊ ጸጉሩ ረጅምና የተንጨባረረ፣ ልብሱም ተራ ነበር።

«ተረስቶ የቀረ ዘፈን ነው» የሚለውም ውሸት ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. በ2007 ከአገሪቱ ቅርስ ድምፆች መካከል መዝግቦታል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን «ፐንክ መጫወት የማይችሉ ሰዎች ሙዚቃ ነው፤ ሦስት ኮርድ በቃ» የሚለው ነው። (ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው።) አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። ሶሎ ሲጫወት ጣቶቹ ይሮጣሉ። ይህንኑ አለኝ። «እሺ፣ በል ከሸክላው ጋር እኩል ተጫወት» አልኩት። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፣ ቀኝ እጅ እረፍት የለውም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ እጁን ማራገፍ ጀመረ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። ኮርዱ ቀላል ነው፤ ያንን ፍጥነት ሳያላሉ እስከ መጨረሻው መያዝ ግን ሌላ ሙያ ነው።

መሞከር የምትፈልጉ ትከሻችሁን አላሉ። የምትመቱት በእጅ አንጓ ይሁን፣ ክርናችሁን አታድክሙ። ፒኩን (ክሩን የምትመቱበትን ትንሽ ፕላስቲክ) አትጨብጡት፣ ያዝ ብቻ አድርጉት። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥርላችሁን መሣሪያ) በግማሽ ፍጥነት ጀምሩና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ካመማችሁ አቁሙ። ያ ልጅ እንዲህ እያለ በሦስተኛው ወር ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ተጫወተው።