ድንበር ተሻጋሪ ልማት ምንድን ነው? የፓሚር ተራሮች ምሳሌ

ድንበር ተሻጋሪ ልማት ሲባል፣ ሁለት አገሮች የሚጋሩትን አካባቢ እንደ አንድ ቦታ ቆጥሮ ማልማት ማለት ነው። መብራቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ገበያው ሲታቀድ ከወንዙ ማዶ ያለውም ሰው ይታሰባል። ሐሳቡ ይኼው ነው፤ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ሥራው ነው፣ በተለይ ተራራ በበዛበትና ጦርነት ባደቀቀው አካባቢ። በደፈናው ከማውራት አንድ ቦታ ይዘን ብናይ ይሻላል። ቦታው በፓሚር ተራሮች ያለው ባዳክሻን ነው።

ባዳክሻንን የፓንጅ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ዳር ታጂኪስታን ናት፣ በሌላው አፍጋኒስታን። መስመሩ የተሰመረው የሩሲያና የብሪታንያ ኢምፓየሮች በአካባቢው ሲሻኮቱ ነው። የጸናው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱም ዳር ያለው ሕዝብ አንድ ዓይነት ቋንቋዎች የሚናገር፣ የሚጋባ ሕዝብ ነበር። በኋላ ሶቪየት ኅብረት ድንበሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ዘመድ ከዘመዱ ጋር በወንዝ ማዶ እየተያየ መገናኘት አልቻለም።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ዳርቻዎች ኑሮ ለየቅል ሆነ። በሶቪየት በኩል ያለው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም አገኘ። ምግቡና ነዳጁ ግን ከሩቅ በካሚዮን የሚመጣ ነበር። በአፍጋኒስታን በኩል ያለው ከነዚህ አንዱንም በወጉ አላገኘም። ምን ያህል እንደተረሳ ለማወቅ አንድ ቁጥር ይበቃል። በ2002 በአፍጋን ባዳክሻን፣ ራግ በሚባል ወረዳ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 6,500 ገደማ እናቶች እንደሚሞቱ ተገኘ። በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። የሠለጠኑ ሐኪሞች ግን ከወንዙ ማዶ ነበሩ።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ካሚዮኖቹ ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት ታጂኪስታን የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ እስከ 1997 ቆየ። የታጂክ ባዳክሻን የአገሪቱን መሬት ግማሽ ሊሆን ምንም ያህል የማይቀረው ክልል ነው። ግን ተራራ በተራራ ስለሆነ የሚታረሰው ቁራጭ ነው። ረኃብ በር ላይ ደረሰ። ለማገዶ በመንገድ ዳር የተተከለው ዛፍ ሳይቀር ተቆረጠ።

እዚህ ላይ የአጋ ካን ፋውንዴሽን ይመጣል። አጋ ካን የኢስማኢሊ ሙስሊሞች መንፈሳዊ መሪ የሚጠሩበት ማዕረግ ነው። ብዙው የፓሚር ሕዝብም ኢስማኢሊ ነው። ፋውንዴሽኑን በ1967 ያቋቋሙት ልዑል ካሪም፣ አራተኛው አጋ ካን፣ በ2025 አርፈዋል። መጀመሪያ የተሠራው ሥራ እንደ ማንኛውም እርዳታ ነበር፤ ዱቄትና ዘይት ማደል። እርዳታው ቢቀጥል ሕዝቡ ከሶቪየት ካሚዮን ጠባቂነት ወደ ሌላ ካሚዮን ጠባቂነት መዛወሩ ነው። ስለዚህ የሶቪየት ዘመን የጋራ እርሻዎችን መሬት ለየቤተሰቡ የማከፋፈል፣ ዘርና ማዳበሪያም የማቅረብ ሥራ ተጀመረ።

ዘዴው ከዜሮ የተፈጠረ አልነበረም። ፋውንዴሽኑ ከ1982 ጀምሮ በሰሜን ፓኪስታን፣ በጊልጊት ተራሮች የገጠር ድጋፍ ፕሮግራም ነበረው። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ሾዓይብ ሱልጣን ካን ይባላሉ። ሰዎቹ አንድ መንደር ይደርሱና ነዋሪውን ሰብስበው ይጠይቃሉ፤ ለሁላችሁም የሚጠቅም አንድ ሥራ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ የመስኖ ቦይ ወይም መንገድ ነበር። ፕሮግራሙ ገንዘብና ባለሙያ ይሰጣል። መንደሩ ደግሞ ይሠራል፣ ይጠግናል፣ በየጊዜው ይሰበሰባል፣ አባላቱም ትንሽ ትንሽ ይቆጥባሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ይኼ ይመስለኛል። ቦዩ አንድ ቀን በናዳ ሊጠረግ ይችላል፤ መሰብሰብ የለመደ መንደር ግን ሌላ ቦይ ይቆፍራል።

መብራቱ ግን በመንደር ስብሰባ የሚያልቅ ጉዳይ አልነበረም። ፓሚር አንድ የሚባል የውኃ ኃይል ማመንጫ ነበረ፤ ሶቪየቶች በግማሽ ትተውት ሄደዋል። ኃይሉ 14 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። በብርዱ ወራት ወንዙ ሲቀዘቅዝና ውኃው ሲያንስ ደግሞ ያም ይጎድላል፤ ሰው መብራት አጥብቆ የሚፈልገው ያኔ ነው። በ2002 ፓሚር ኢነርጂ የተባለ ኩባንያ ከታጂኪስታን መንግሥት ጋር የ25 ዓመት ውል ፈረመ። ገንዘቡ ወደ 26 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከአጋ ካን የኢኮኖሚ ልማት ፈንድ፣ ከዓለም ባንክ ቡድንና ከስዊዘርላንድ መንግሥት ተሰባስቦ የመጣ ነው። ማመንጫው ወደ 28 ሜጋ ዋት አደገ። በብርዱ ወራት ውኃ እንዳይጠፋም ከላይ ላለው የያሺልኩል ሐይቅ ፍሰቱን የሚቆጣጠር ግንባታ ተሠራለት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይኼ ምጽዋት አይደለም፤ ኩባንያ ነው፤ ሂሳብ ያስከፍላል። ስዊዞቹ የሰጡት እርዳታ ለዝቅተኛው ፍጆታ ዋጋው እንዳይንር ድጎማ ሆነ። በጎ አድራጎትና ንግድ አብረው አይሄዱም የሚል ሰው ካለ ይህን ቢመለከት ደስ ይለኛል። በእርዳታ ብር ብቻ የቆመ ማመንጫ ቢሆን ኖሮ ተርባይኑ ሲበላሽ ማን ያስጠግነው ነበር?

ከ2008 ጀምሮ ሽቦው ወንዙን ተሻገረ። በድንበሩ ያሉ የአፍጋን መንደሮች ከፓሚር ኢነርጂ መብራት መግዛት ጀመሩ። አብዛኞቹ ድልድዮችማ ቀድመው ነበር የመጡት፤ በታጂክ ባዳክሻን ዋና ከተማ በኮሮግ አቅራቢያ ቴም ላይ በ2002፣ ዳርዋዝ በ2004፣ ኢሽካሺም በ2006፣ ቫንጅ በ2011። በድልድዮቹ አጠገብም በየሳምንቱ የድንበር ገበያ ይቆም ነበር። አፍጋኑ ያለ ቪዛ ገብቶ ሸጦ፣ ገዝቶ፣ ማታ ይመለሳል። ዘመዱን የሚፈልግም ዘመዱን ያገኛል። ሕመምተኞችም ኮሮግ ሆስፒታል መሻገር ቻሉ።

እውቀትም በዚሁ መንገድ ታሰበ። በ2000 የታጂኪስታን፣ የኪርጊስታንና የካዛኪስታን መንግሥታት ከአጋ ካን ጋር ስምምነት ፈርመው የማዕከላዊ እስያ ዩኒቨርሲቲን መሠረቱ። አንዱ ካምፓስ ኮሮግ ነው፣ አንዱ በኪርጊስታን ናሪን።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። አንድ የውጭ ተቋም፣ ያውም በሕዝቡ ዘንድ በመንፈሳዊ አባትነት የሚታይ መሪ ያለው ተቋም፣ መብራቱንም ትምህርት ቤቱንም ሲያቀርብ የመሐል አገር መንግሥት ምን ይሰማዋል? ምቾት አይሰማውም። በታጂክ ባዳክሻን በ2022 የመንግሥት ኃይሎች ዘመቻ ብዙ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በኮሮግ የነበሩ አንዳንድ የአጋ ካን ተቋማት ወደ መንግሥት እጅ ገብተዋል። እንደ እኔ ይህ የዚህ ዓይነት ልማት ትልቁ ድክመት ነው። መንደሩ ቢወደውም የሁለት መንግሥታትን ፈቃድ ሳያገኝ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ገበያዎቹን ተመልከቱ። በ2020 ኮሮና አዘጋቸው። በ2021 ታሊባን አፍጋኒስታንን ሲቆጣጠር መዘጋታቸው ረዘመ። መብራቱ ግን መሻገሩን ቀጠለ። ሽቦ በኬላ ላይ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ገበያ የሚቆመው ግን ሰው ሲሻገር ነው። ሕክምናም እንደ ገበያው ነው፤ በሽተኛው ካልተሻገረ ምን ይደረጋል? ከዚህ ሁሉ ዓመታት በፊት የኮሮግ ሆስፒታልና በአፍጋን ባዳክሻን ያለው የፋይዛባድ ሆስፒታል በኢንተርኔት እንዲገናኙ ተደርጎ ነበር። ሐኪሞቹ ራጅና ውጤት እየተላላኩ ስለ ሕመምተኛው በስክሪን ይመካከራሉ፤ ሕመምተኛው ካለበት ሳይነቃነቅ።