የላቦራቶሪ ምርመራ ጥናት በመሐል አዲስ አበባ

በመሐል አዲስ አበባ የሚካሄደው የክሊኒካል ላቦራቶሪ ጥናት በአብዛኛው በጥቂት ተቋማት ዙሪያ የተሰበሰበ ነው። በቸርችል ጎዳና አቅራቢያ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይገኛሉ። ወደ ጉለሌ ከፍ ሲባል የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ከዚያ ሳይርቅም፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ፓስተር በሚባለው አካባቢ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። የጥናቶቹ ርእስ ብዙ ነው፤ ሲጨመቁ ግን አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ በውጤት ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ለዚህ ሕመምተኛ ምን ያህል ይታመናል?

ለዚህ ጥያቄ ለታይፎይድ ከሚታዘዘው የዊዳል የደም ምርመራ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ የገባ የከተማዋ ነዋሪ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ መድኃኒት ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነው። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ይህን ያህል መደጋገማቸው ብቻውን ሊያጠራጥር በተገባ ነበር። ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896፣ ለታይፈስ የሚታዘዘው ዌይል-ፌሊክስ ደግሞ በ1916 የተዋወቁ ዘዴዎች ናቸው። ሁለቱም ጀርሙን ራሱን አይፈልጉም፤ የሕመምተኛው ሴረም (ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ) ከተዘጋጀ የባክቴሪያ ፈሳሽ ጋር ሲደባለቅ ይቋጠር እንደሆነ ብቻ ያያሉ። የሚያቋጥረው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱ ደግሞ ካለፈ ሕመም ሊተርፍ ወይም በሌላ ተዛማጅ ባክቴሪያ ምክንያት ሊፈጠር ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ እስከ 2011 መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል 270 ትኩሳት ያለባቸው ሰዎች በዊዳልም በደም ካልቸርም፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ በማየት፣ ተመርምረው ነበር። ዊዳል 88ቱን ሕሙማን ናቸው አለ። የታይፎይድ ባክቴሪያ በካልቸር የበቀለው ግን በ7ቱ ደም ላይ ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህም ዊዳል የያዘው 5ቱን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዊዳል «አለ» ካላቸው መቶ ሰዎች ካልቸሩ የመሰከረላቸው ስድስት አይሞሉም። በእርግጥ ካልቸርም እንከን የለሽ አይደለም፤ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ደም ላይ ባክቴሪያው ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። ቢሆንም በ88 እና በ7 መካከል ያለውን ገደል ይህ ሰበብ ብቻውን አይሞላውም። ዊዳል አሁንም የሚታዘዘው ርካሽ ስለሆነና ውጤቱ ሕመምተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ስለሚደርስ ነው። ካልቸር ቀናት ይፈጃል፤ መሣሪያም የሠለጠነ ባለሙያም ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሰፊ የጥናት መስክ «ኖርማል» የሚባለው ልኬት ነው። በብዙ ላቦራቶሪዎች ከውጤቱ አጠገብ የሚታተመው ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ከማሽኑ ወይም ከመመርመሪያው ኬሚካል (ሪኤጀንት) ጋር ከውጭ የመጣ፣ ከሌላ አገር ሰዎች ደም የተቀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካዎች ሠራተኞች የሆኑ 485 ጤነኛ ጎልማሶችን መርምሮ፣ የኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሴል (የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ቁጥር ከአውሮፓውያን ዝቅ እንደሚል አሳየ። ኤድስን ለመከታተል ዋናው መመዘኛ ይኸው ቁጥር በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ግኝት አልነበረም። ኒውትሮፊል በሚባለው ነጭ የደም ሴልም ተመሳሳይ ነገር አለ። ደፊ የተባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ያለ አንዳች ሕመም የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ዝቅ ይላል፤ የውጭው ወሰን ሳይመረመር ከተሠራበት ጤነኛውን ሰው ለሌላ ምርመራ ይዳርገዋል፣ የካንሰር ሕመምተኛውንም የኬሞቴራፒ ቀጠሮ ሊያስተላልፍበት ይችላል።

ክርክሩ ይበልጥ የሚጦዘው ኦክስጅን በሚሸከመው የቀይ ደም ሴል ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በከፍታ የሚኖር ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ስለሚል የደም ማነስ ወሰኑም አብሮ ይነሣል። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት መነሻው በዴሲሊትር 12 ግራም ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የቀድሞ መመሪያ በዚህ ከፍታ 0.8 ይጨመርበት ነበር፤ በ2024ቱ መመሪያ ጭማሪው 1.4 ሆኗል። ስለዚህ 13 ያስመዘገበች የፒያሳ ነዋሪ በፊት ጤነኛ ነበረች፤ አሁን ደም ያንሳታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው የኢትዮጵያ ደገኞች ሰውነት ለከፍታ እንደሌላው ዓለም ምላሽ የሚሰጥ ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢል ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በቆላ ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። አንድ ቀመር ለሁሉም ደገኛ ማዋል ለእኔ የችኮላ ሥራ ይመስለኛል፤ የከተማዋ የማመሳከሪያ ልኬት ጥናቶች ዋጋቸውም እዚህ ላይ ነው።

ከፍታው ማሽኑ ጋር ከመድረሱ በፊትም ጣጣ አለው። ቫኪዩም ያላቸው የደም መቅጃ ቱቦዎች ደም የሚስቡት በአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ የአዲስ አበባ ግፊት ደግሞ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ ለቆላ የተሠራ ቱቦ ጎድሎ ሊቀር ይችላል። ሰማያዊ ክዳን ባለው የደም መርጋት መመርመሪያ ቱቦ ውስጥ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) መሆን አለበት፤ ደሙ ከጎደለ ውጤቱ ይዛባል።

ጥራትን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር ላቦራቶሪዎች አይኤስኦ 15189 ወደሚባለው የሕክምና ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ የጥራት መስፈርት እውቅና እንዲደርሱ ይሠራል። ይህ እውቅና አንድ ምርመራ በአግባቡ መሠራቱን ይመሰክራል እንጂ ዊዳልን የመሰለውን ማዘዝ ተገቢ መሆኑን አይዳኝም።

በሞለኪውል ምርመራ በኩል ለውጡ ፈጣን ነው። ጂንኤክስፐርት የተባለው የጀርሙን ዘረመል የሚፈልግ ማሽን የሳንባ ነቀርሳንና ጀርሙ ሪፋምፒሲን የተባለውን የነቀርሳ መድኃኒት መላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል። ኮቪድ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ምርመራው በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ ተጀመረ። የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የወባ ጥናት ደግሞ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን አካቷል። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን የወባ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጩ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዝርያ ጥገኞች በመኖራቸው፣ ምርመራው ከሕሙማኑ 9.7 በመቶ ያህሉን እንደሚስት ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራው ይቀየር የሚለው ስሕተቱ 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ቆላ ወርዶ በትኩሳት የተመለሰ የአዲስ አበባ ሰው በዚህ ምርመራ ብቻ ነጻ ከተባለ፣ ደሙ በማይክሮስኮፕም ሊታይለት ይገባል።