የኤፍቲፒ ፓሲቭ ሞድ

ፓሲቭ ሞድ በኤፍቲፒ (ፋይሎችን በኔትወርክ ለማስተላለፍ በሚያገለግለው ደንብ) ፋይል ሲተላለፍ ፋይሉ የሚጓዝበትን ግንኙነት ሰርቨሩ ሳይሆን የተጠቃሚው ኮምፒውተር እንዲጀምረው የሚያደርግ አሠራር ነው። ስያሜው ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰርቨሩ እንጂ ተጠቃሚው አይደለም።

ኤፍቲፒ ትዕዛዝንና ፋይልን በአንድ መስመር አያስተላልፍም። ትዕዛዙ፣ የይለፍ ቃሉ ጭምር፣ በፖርት 21 (ፖርት ግንኙነት የሚገባበት ባለቁጥር በር ነው) በኩል ሲሄድ ለፋይሉና ለፋይሎች ዝርዝር ግን በየጊዜው ሌላ ግንኙነት ይከፈታል። በአክቲቭ ሞድ ተጠቃሚው የራሱን አድራሻና የከፈተውን ፖርት ለሰርቨሩ ይነግረዋል፤ ሰርቨሩም እንደ ደንቡ ከፖርት 20 ተነሥቶ ወደዚያ ይደውላል። ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው ፋየርዎልና አድራሻ የሚቀይሩ ራውተሮች ከተስፋፉ ወዲህ ግን ይህ ያልተጠበቀ ጥሪ መንገድ ላይ ይቀራል። ምልክቱም የታወቀ ነው፦ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ያለችግር ይገባል፣ የፋይሎቹን ዝርዝር ሲጠይቅ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

በፓሲቭ ሞድ ተጠቃሚው «ፓስቭ» የሚለውን ትዕዛዝ ይልካል፤ ሰርቨሩ ጊዜያዊ ፖርት ይከፍትና በኮድ 227 ስድስት ቁጥሮች ይመልሳል። መልሱ 192,0,2,10,195,80 ቢሆን የመጀመሪያዎቹ አራቱ የሰርቨሩ አድራሻ ናቸው። የፖርት ቁጥር ሁለት ባይት ስለሚይዝ በሁለት ተከፍሎ የተጻፈ ሲሆን፣ አምስተኛው በ256 ተባዝቶ ስድስተኛው ሲደመርበት 50000 ይገኛል። ተጠቃሚው ወደዚህ ፖርት ሁለተኛውን ግንኙነት ይከፍታል፤ ሁለቱም ጥሪዎች ከእሱ ወደ ውጭ የሚወጡ ስለሆኑ በእሱ በኩል ያለው ፋየርዎል በአብዛኛው ያሳልፋቸዋል።

ትዕዛዙ ለፋየርዎል ተብሎ የተፈጠረ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤፍቲፒ መደበኛ ሰነድ፣ በአርኤፍሲ 959፣ ውስጥ አስቀድሞ ነበረ፤ ተጠቃሚው ከሩቅ ሆኖ አንዱ ሰርቨር ለሌላው በቀጥታ ፋይል እንዲልክ ለማድረግም ያገለግል ነበር። የኔትወርክ ደህንነት ተመራማሪው ስቲቨን ቤሎቪን የተጠቃሚ ፕሮግራሞች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ሐሳብ ያቀረበው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው።

ችግሩ ግን አልጠፋም፤ ከተጠቃሚው ወደ ሰርቨሩ አስተዳዳሪ ተሻገረ እንጂ። ሰርቨሩ ራሱ ከራውተር ጀርባ ከሆነ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻውን ሊመልስ ይችላል፤ ከውጭ ያለ ሰው ደግሞ እዚያ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ አስተዳዳሪው የውጭውን አድራሻ በሰርቨሩ ቅንብር ላይ ይጽፋል፣ ለፓሲቭ የሚውሉትን ፖርቶችም ለምሳሌ ከ50000 እስከ 50100 ወስኖ በፋየርዎሉ ላይ ይከፍታል። አንዳንድ ፋየርዎሎች የ227ን መልስ አንብበው ፖርቱን ራሳቸው ይከፍታሉ፤ የትዕዛዙ መስመር ቲኤልኤስ በተባለው የምስጠራ ዘዴ ሲመሰጠር ግን ማንበብ ስለማይችሉ ይህ እገዛ ይቀራል። በ1998 እ.ኤ.አ. የመጣው የተሻሻለው ትዕዛዝ በኮድ 229 የፖርቱን ቁጥር ብቻ ስለሚመልስ የተሳሳተ አድራሻ የመላክን ጣጣ ያስቀራል፣ ከአይፒ ስሪት 6 ጋርም ይሠራል።

በስም የሚቀራረበው ኤስኤፍቲፒ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ትዕዛዙንም ፋይሉንም በአንድ የተመሰጠረ የኤስኤስኤች ግንኙነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በፖርት 22፣ ስለሚያስተላልፍ አክቲቭም ፓሲቭም የሚባል ነገር የለውም።