የወፎች ወጥመድ ምንድን ነው?

ወጥመድ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰን ገመድና መረብ ነው። ወፍ ተመልካቾች ግን ቃሉን ለሌላ ነገር ያውሉታል። በፍልሰት ወቅት የደከሙ ወፎች ከሰማይ ወርደው የሚሰባሰቡበትን ቁራጭ መሬት «የፍልሰተኞች ወጥመድ» ይሉታል። እዚያ ወፎቹን የሚይዛቸው ዛፍ፣ ውሃና ትል ነው። በልተው ጉልበታቸው ሲመለስ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ማታ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ዘማሪ ወፎች የሚጓዙት በሌሊት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ብዙም ሳይቆዩ ይነሳሉ። ከዋክብትና የመሬት መግነጢሳዊ ኃይል መንገድ ያሳዩዋቸዋል። ዊሎው ዋርብለር የምትባለዋን ወፍ እንውሰድ። ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ነው። የብርዱን ወራት ከሰሃራ በስተደቡብ ታሳልፋለች። ጸደይ ሲመጣ በረሃውንና የሜዲትራኒያንን ባሕር አቋርጣ እስከ እንግሊዝና ከዚያም አልፋ ትሄዳለች። 10 ግራም! እንዲህ ያለች ፍጥረት ጎህ ሲቀድ ወደ ታች ማየቷ የግድ ነው። የት ልረፍ? ምን ልብላ?

ታች ብዙ ጊዜ የሚታየው የታረሰ ማሳ፣ አስፋልት ወይም ጣሪያ ነው። በመሃል አንድ አረንጓዴ ጥላ ብቅ ሲል ሁሉም ወደዚያ ያጋድላል። እንግዲህ ቦታውን ወጥመድ የሚያደርገው የራሱ ልምላሜ ብቻ አይደለም፤ የዙሪያው ባዶነት ጭምር ነው። ሰፊ ደን ውስጥ ሺህ ወፍ ቢያርፍ ተበትኖ ይቀራል። ትንሽ ግቢ ውስጥ ግን ሃምሳው እንኳ ዓይን ይሞላል።

የድሮ ባለርስቶች ግቢ ለዚህ የተመቸ ነው። ዛፎቹ አርጅተዋል። ቅርፊታቸው ተሰነጣጥቋል፣ በየስንጥቁ ሸረሪትና ጥንዚዛ ይኖራል። ኩሬ አለ፣ ቁጥቋጦ አለ፣ ነፋስ የሚከልል የድንጋይ አጥር አለ። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ውስጥ ያለው የሆልካም ርስት ጥሩ ምሳሌ ነው። የርስቱ ታላቅ ቤት መገንባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1734 ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የርስቱ ባለቤቶች የባሕሩን ዳርቻ አሸዋ እንዲይዝላቸው የጥድ ዛፍ አስተከሉ። የተተከለው ለአሸዋው ነበር። ዛሬ ግን ያ ጫካ ብርቅዬ ወፍ ፍለጋ ከሩቅ ሰው የሚመጣበት ነው።

ብርቅዬዎቹስ ለምን እዚያ ይገኛሉ? በጸደይ አንዱ ትልቅ ምክንያት መዳረሻን አልፎ መሄድ ነው። ሁድሁድን አስቡ፤ ራሷ ላይ እንደ ማራገቢያ የሚከፈት ላባ ያላትን። ደቡብ አውሮፓ ልትራባ ትነሳለች። ሰማዩ ጠርቶ ከኋላዋ ሞቃት የደቡብ ነፋስ ከመጣ ግን ሳታውቀው ታልፋለች። ጠዋት ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ግቢ ሣር ላይ በረጅም መንቁሯ ትል ስትቆፍር ትገኛለች። ሌላው ምክንያት መጥፎ አየር ነው። ሌሊት መንገድ ላይ ዝናብና የፊት ነፋስ ሲገጥማቸው፣ በአንድ ጊዜ በብዛት ይወርዳሉ።

የከተማ መናፈሻም ያው ወጥመድ ነው። ኪርትላንድ ዋርብለር የምትባል የሰሜን አሜሪካ ወፍ ልትጠፋ ተቃርባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በተደረገው ቆጠራ የተገኙት የሚዘምሩ ወንዶች 167 ብቻ ነበሩ። ከዚህች ዘር አንዷ እ.ኤ.አ. በ2018 ግንቦት ላይ ኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ በፎቆች መሃል ታየች! በቀጣዩ ዓመት ወፏ ከአሜሪካ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ዝርያዎች መዝገብ ወጣች። በርትተው ስለጠበቋት ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ። እየዞራችሁ አትልፉ፤ የመጀመሪያዋ ፀሐይ የሚነካውን ዛፍ መርጣችሁ ቁሙ። የኦክ ዛፍ ካለ እሱን ምረጡ። በጸደይ ለጋ ቅጠሉና አበባው አባጨጓሬ ይሞላዋል። ፀሐይዋ ጫፉን ስታሞቀው ነፍሳቱ ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ ነፋስ ሳይኖር አንድ ቅጠል ይነቃነቃል። ዓይናችሁን ከዚያ ቅጠል አትንቀሉ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። የወፏን ድምፅ በስልክ እያጫወታችሁ አትጥሯት። ባላንጣ የመጣባት መስሏት ትወጣለች፣ ለምግብ ፍለጋ የቀራትን ጉልበት በከንቱ ትጨርሳለች። ለፎቶ ብላችሁም ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ አታሳድዷት። ያን ቀን መብላት አለባት። ማታ ሰማዩ ከጠራና ነፋሱ ከተመቻት ትነሳለች፣ በማግስቱ ያ ዛፍ ባዶ ነው።