«የከተማህ ድኆች ይቀድማሉ»፦ የአንድ የታልሙድ አባባል ትርጓሜና የፊላዴልፊያ ሴቶች ሥራ

አይሁድ ስለ ምጽዋት ሲነጋገሩ ደጋግመው ከሚጠቅሷቸው አባባሎች አንዱ «ዐኒዬ ዒርኻ ቆድሚን» የሚለው ሲሆን፣ ትርጉሙም «የከተማህ ድኆች ይቀድማሉ» ማለት ነው። የመጨረሻው ቃል ከእኛው «ቀደመ» ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ በመሆኑ፣ ዕብራይስጥ ለማያውቅ አማርኛ ተናጋሪም ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

መነሻው የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ በሆነው በባቢሎን ታልሙድ ውስጥ፣ ባቫ ሜጺዓ በተሰኘው ክፍል በ71ኛው ቅጠል ላይ ይገኛል። ረብ ዮሴፍ የተባለው መምህር ዘጸአት ስለ ማበደር የሚናገረውን ቃል ሲተረጉም ቅደም ተከተል ያወጣለታል፦ ወገንና ባዕድ ቢመጡ ወገን፣ ድኃና ባለጸጋ ቢመጡ ድኃው፣ የቤተሰብህ ድኃና የከተማህ ድኃ ቢመጡ የቤተሰብህ፣ የከተማህ ድኃና የሌላ ከተማ ድኃ ቢመጡ ደግሞ የከተማህ ይቀድማል። ቃሉ ማን እንደሚቀድም እንጂ ማን እንደሚቀር አይናገርም። ወገንን ማስቀደሙም ቢሆን ያለ ማለዘቢያ አልተተወም፤ ጊቲን በተባለው ክፍል፣ ለሰላም ሲባል የአሕዛብ ድኆች ከእስራኤል ድኆች ጋር አብረው እንዲረዱ ታዝዟል።

«የከተማህ» የሚለው ቃል ራሱ የከተማው ሰው ማን ነው የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ባቫ ባትራ የተሰኘው ክፍል ለዚህ የሚመልሰው በመዋጮ ነው፤ በአንድ ከተማ 30 ቀን የቆየ ሰው ለድኆች የዕለት ምግብ፣ ሦስት ወር የቆየ ለምጽዋቱ ሣጥን፣ ስድስት ወር የቆየ ለልብስ፣ ዘጠኝ ወር የቆየ ደግሞ ለቀብር ያዋጣል። እድር ውስጥ ያደገ አንባቢ የዚህን ሥርዓት አመክንዮ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ድኃው ቅርብ ከሆነ ዘንድ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ሰው ማን ነው? ታልሙድ ማር ዑቅባ ስለተባለ ሊቅ የሚተርከው ታሪክ ለዚህ መልስ አለው። ማር ዑቅባ በየዕለቱ ለአንድ ድኃ ጎረቤቱ በስውር ገንዘብ ያስቀምጥለት ነበር። አንድ ቀን ከሚስቱ ጋር ሳሉ ድኃው ሰጪውን ለማየት ሲወጣ፣ እንዳያፍር ብለው ሸሽተው እሳቱ ከተጠረገ ምድጃ ውስጥ ይሸሸጋሉ፤ የእርሱ እግር ሲቃጠል የእርሷ ግን ምንም አልሆነም። ሲያዝን ብታየው፣ እርሷ ቤት ውስጥ የምትገኝና ስጦታዋም ወዲያው የሚደርስ በመሆኑ እንደሆነ ነገረችው። እርሱ ገንዘብ ሲሰጥ እርሷ የምትሰጠው ለመበላት የደረሰ ምግብ ነውና።

አባባሉ በአሜሪካ ከተማ ውስጥ ምን መልክ ሊይዝ እንደሚችል የፊላዴልፊያዋ አይሁዳዊት በጎ አድራጊ የሬቤካ ግራትዝ (1781–1869 እ.ኤ.አ.) ሕይወት ያሳያል። በ1801 ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለች፣ ከእናቷና ከሌሎች የፊላዴልፊያ ሴቶች ጋር፣ አይሁድም ክርስቲያንም ሳይባል፣ ከነበራቸው ኑሮ ለወረዱ ሴቶችና ልጆች የሚሆን ማኅበር አቋቋመች፤ በ1815 ደግሞ የከተማውን የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ካቋቋሙት መካከል ነበረች፣ ለ40 ዓመት ያህልም በጸሐፊነት አገልግላዋለች። ይሁን እንጂ በዘመኑ የነበሩ የፕሮቴስታንት ረድኤት ሰጪዎች ከእርዳታው ጋር ስብከትንም ያመጡ ስለነበር፣ ችግረኛ የሆነች አይሁዳዊት እናት እንጀራዋንና እምነቷን ማነጻጸር ግድ ይሆንባት ነበር። በ1819 ግራትዝና የሚክቬ እስራኤል ምኵራብ ሴቶች የዕብራውያት ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበርን የመሠረቱት ይህን ተመልክተው ነው። ማኅበሩ ምግብ፣ ማገዶ፣ ልብስና መጠለያ ይሰጥ ነበር፤ በኋላም ሥራ ማፈላለግንና መንገደኛን መርዳትን ጨመረ። መንገደኛው የሌላ ከተማ ድኃ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጸሐፊነት ከሊቀ መንበርነት ያነሰ ቢመስልም፣ በእኔ ግምት «የከተማህ» የሚለውን ቃል በሥራ የሚተረጉመው መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።

እኛ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን። የሁለቱ አባባሎች መንፈስ ቢቀራረብም አቅጣጫቸው ይለያያል፤ የእኛው እርዳታ ለሚሻው ሰው ማን እንደሚደርስለት ሲነግረው፣ የዕብራይስጡ ግን ለሰጪው ከማን እንደሚጀምር ያዝዘዋል፣ ዘመድንም ከጎረቤት ያስቀድማል። ግራትዝ ይህንንም እርከን አልዘለለችውም፤ አላገባችም፣ ነገር ግን እህቷ ራሔል በ1823 ስትሞት ልጆቿን ወስዳ አሳደገች፣ የማኅበሮቿንም ሥራ አላቋረጠችም። በ1838 የዕብራውያንን የሰንበት ትምህርት ቤት ከፈተች፣ በ1855 ደግሞ ቤት ላጡ አይሁዳውያን ልጆች ማሳደጊያ እንዲቋቋም አደረገች።